ንጉሡ እስኪቀመጥ ድረስ

ፓስተራችን የፈረንሳዩ ንጉሥ መኝታ ክፍል ውስጥ ሲቆም ዓይኑ እንባ አቀረረ። አጠገቡ ነበርኩ፤ ስላየሁ ነው የምናገረው። ከባድ መጋረጃ የወረደበት አልጋ፣ አልጋውን ከሰው የሚለይ በወርቅ የተለበጠ አጥር፣ ግድግዳው ወርቅ፣ ጣሪያው ወርቅ። ሰው ሁሉ ስልኩን ከፍ አድርጎ ፎቶ ያነሳል። እሱ ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ። ያን ጊዜ መንፈስ የነካው መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

"እሱ" ስል የሚቆጡኝ አሉ። "እሳቸው በይ እንጂ፣ የእግዚአብሔር ሰው ናቸው" ይሉኛል። አልልም። ለምን እንደማልል ልናገር።

ጉባኤያችን የራሱ ሕንፃ የለውም። ፍራንክፈርት ውስጥ እንዳሉት እንደ ብዙዎቹ የእኛ ሰዎች፣ እኛም ከጀርመኖች አዳራሽ ተከራይተን እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው የምንሰበሰበው። አዳራሹ ፕሮይንገስሃይም ነው፤ እኔም እዚያው ሰፈር፣ ከአዳዲሶቹ ፎቆች አንዱ ላይ ስለምኖር በእግሬ እሄዳለሁ። እዚያ የሚመጣው ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሲለፋ የከረመ ነው። ሆቴል አልጋ የሚያነጥፍ አለ፣ ጻይል በሚባለው የገበያ መንገድ ሱቅ ውስጥ ዕቃ የሚደረድር አለ፣ እንደ ባለቤቴ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የሚጭን አለ። እኔ የምሠራው አልተንሃይም፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። በየጠዋቱ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ ቁርስ አበላለሁ።

ጉባኤው የተጀመረው ግን አዳራሽ ውስጥ አይደለም፤ አንዲት ሴት ሳሎን ውስጥ ነው። ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ከሁላችን ቀድመው እዚህ አገር የመጡ ናቸው፤ ጉልበታቸው እምቢ እስኪላቸው ድረስ ኒደርራድ ሰፈር ቢሮ ሲያጸዱ ኖረዋል። ከስደተኛ መጠለያ የወጣ ሰው የመጀመሪያ እሑዱን የሚያሳልፈው እሳቸው ቤት ነበር። በልቶ፣ ጸልዮ፣ አልቅሶ ይወጣል። ፓስተሩም የመጣው እንደዚያው ነው። የመኖሪያ ፈቃዱ እስኪወጣለት ድረስ እማማ ሳሎን ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፈውለት ነው ያደረው።

ያን ጊዜ ሰው ነበር። ይህን መካድ አልችልም። ልጄን ወልጄ ሆስፒታል ሳለሁ ባለቤቴ ሥራ ላይ ስለነበር አጥሚት በፔርሙዝ ይዞልኝ የመጣው እሱ ነው። አሁን ወዳለንበት ቤት ስንገባ ሊፍቱ ገና አልሠራ ብሎ ስለነበር፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ከባለቤቴ ጋር በደረጃ ተሸክሞ አወጣው፤ ጣቱ ተልጦ ደም እየወጣው ይስቅ ነበር። ከአምልኮ በኋላ የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ ከሴቶቹ ጋር ሳህን ያጥባል። "አንተ በሉኝ፣ ወንድማችሁ ነኝ" ይለናል። አንተ አልነው። ወደድነው።

ከዚያ ፓሪስ ያሉ ወገኖች ኮንፈረንስ ጠሩንና አውቶቡስ ተከራይተን ሄድን። በመጨረሻው ቀን የቬርሳይን ቤተ መንግሥት እንያ ተባለ። ያዞረችን ፓሪስ ብዙ ዓመት የኖረች እህት ናት፤ እንጀራዋ ቱሪስት ማስጎብኘት ነው፤ ጨዋታ ታውቅበታለች።

"ንጉሡ ጠዋት ሲነሳ ብቻውን አይነሳም" አለችን አልጋው ፊት ቆማ። "ክፍሉ በመኳንንት ይሞላል። አንዱ መጋረጃውን ይገልጣል፣ አንዱ መታጠቢያ ያቀርባል። ሸሚዙን የሚያቀብለው ደግሞ ተራ አሽከር እንዳይመስላችሁ፤ ከመሳፍንቱ ሁሉ ትልቁ ነው። ማታ ሲተኛም ሻማ የሚይዝለትን ሰው ራሱ ይመርጣል። የተመረጠው በደስታ ይሰክራል፣ ያልተመረጠው በቅናት ይታመማል።"

"ለሻማ?" አለች አንዷ፤ ሁላችንም ሳቅን።

"ለሻማ! በእኛም አገር አጋፋሪ፣ እልፍኝ አስከልካይ ይባል የለ? የእነዚህ ግን አያልቅም። ደግሞ ንጉሡና ንግሥቲቱ ባሉበት መቀመጥ የሚፈቀድላቸው ጥቂት ወይዛዝርት ብቻ ነበሩ። የሚቀመጡትም በርጩማ ላይ ነው፣ መደገፊያ የሌለው በርጩማ። ለዚያች በርጩማ ስንት ቤተሰብ ተጣልቷል መሰላችሁ።"

ፓስተሩ "ለምን?" ብሎ ጠየቃት። በቀስታ፣ እንደ ተማሪ።

"ንጉሡ ልጅ ሳለ መኳንንቱ አምፀውበት ነበር። ያንን አልረሳም። ሲያድግ ሁሉንም እዚህ ሰብስቦ ሻማና ሸሚዝ አስያዛቸው። አገር ያስተዳድሩ የነበሩ፣ ጦር ያዘምቱ የነበሩ ሰዎች ናቸው እኮ። ደጅ ሲጠኑ፣ ማን ቀደመኝ ማን ተጠጋ ሲባባሉ ማመፁን ረሱት።"

አትክልቱ ቦታ ስንወጣ ፏፏቴዎቹን አሳየችን። በዚያ ዘመን ውኃው ለሁሉም ስለማይበቃ፣ ንጉሡ ሲቃረብ ሠራተኞቹ እርስ በርስ እያፏጩ ይከፍቱለት፣ ሲያልፍ ይዘጉት ነበር አለችን። እሱ በሄደበት ሁሉ ውኃ ይፈሳል፤ ከኋላው ይደርቃል። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ በጀርመንኛ "ይሄማ እብደት ነው" አለችና፣ ማን ከፍሎ ነው ይሄ ሁሉ የተሠራው ብላ ጠየቀች። አማርኛ ስትሰማ ጀርመንኛ ነው የምትመልሰው፤ እኔ ተረጎምኩላት።

"ገበሬው ነዋ" አለች አስጎብኚያችን። "መኳንንቱማ ከአብዛኛው ግብር ነፃ ነበሩ።"

ሰው ከንፈሩን መጠጠ። ፓስተሩ ግን ይህን የሰማ አይመስለኝም። ወደኋላ ዞሮ ሕንፃውን ያይ ነበር።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ማይክ ያዘ። ያለውን እንዳለ አስታውሰዋለሁ፤ ምክንያቱም ያምር ነበር። "ሰኞ ጠዋት ሥራ ቦታ ማን ያከብራችኋል? ከልጃችሁ የሚያንስ አለቃ 'ዱ'፣ 'አንተ' ብሎ ይጠራችኋል። ስማችሁን እንኳ በትክክል አይጠራውም። ለምን? እኛ ራሳችን ክብር ስለማናውቅ ነው! ክብር ማለት ሥርዓት ነው። እነዚያ ሰዎች ንጉሣቸውን ሲያከብሩ ራሳቸው ከበሩ። የእግዚአብሔር ቤት ከቬርሳይ ያንሳል ወይ?"

"አያንስም!" አለ አውቶቡሱ።

ባለቤቴ ዝምተኛ ሰው ነው። ቤት ውስጥ እንኳ ካልጠየቁት አይናገርም። ያን ዕለት ግን አጠገቤ ተቀምጦ ከሁሉም በላይ ጮኾ አሜን አለ። ዞሬ አየሁት። ፊቱ በርቷል። የሚጭነው ሻንጣ ጀርባውን አጉብጦታል፤ ስንት ዓመት ሠርቶ አለቃው አሁንም "አንተ ኤርትራዊው" ነው የሚለው። ኤርትራዊ አይደለም።

ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው ነው የሆነው። መጀመሪያ አንድ እሑድ ከጉባኤው ሽማግሌዎች አንዱ መድረክ ላይ ወጥቶ "ከእንግዲህ አገልጋያችንን አንቱ እንበል፤ ለእሳቸው ሳይሆን ለተሸከሙት ቅባት ነው" አለ። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ትናንት ሳህን አብሮኝ ያጠበውን ሰው፣ በዕድሜ እኩያዬን፣ ዛሬ "እንደምን ዋሉ" ልለው ነው። ሰው ለምዶት ሲናገር ሰማሁ። እኔ ምላሴ ላይ እየተንከባለለ አስቸገረኝና ስሙን ሳልጠራ፣ አንተም አንቱም ሳልል ማውራት ጀመርኩ። "ሻይ ይምጣ?" "በሩ ይዘጋ?" እያልኩ።

ቀጥሎ አስተናጋጆቹ ጥቁር ሱፍና ነጭ ጓንት እንዲለብሱ ተደረገ። ቀጥሎ እሱ ከሰው ጋር መግባት ተወ። ጉባኤው ከተሰበሰበ በኋላ፣ መዝሙር ሲደምቅ፣ በጎን በር ይገባል። ገብቶ ሁለት እጁን ወደኋላ ዘርጋ ያደርግና ኮቱን ከትከሻው ያወርደዋል። ወደኋላ አያይም። ኮቱ መሬት እንደማይነካ ያውቃል፤ የሚቀበል ሰው አለ።

ያ ሰው ባለቤቴ ነበር።

በተመረጠ ዕለት ቤት ሲገባ እንደ ሙሽራ ሆኖ ነው የገባው። ጓንቱን ራሱ በእጁ አጠበ፣ ራሱ ተኮሰ። የራሱን ሸሚዝ ተኩሶ የማያውቅ ሰው! "ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል እኔን ነው ያሉት" አለኝ። ምን ልበለው? ደስታውን ሳይ "እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ።

ግን ሰኞ ጠዋት ሥራ ገባሁ። እኔ የምሠራበት ክፍል አንድ ሽማግሌ አሉ፣ በጉልምስናቸው ባቡር ይነዱ የነበሩ። ቀኝ ክንዳቸው አይነሳም። እጅጌያቸውን በቀስታ ሳስገባላቸው በየቀኑ "ይቅርታ" ይሉኛል። "አይዞዎት፣ ሥራዬ ነው" ብላቸውም ያፍራሉ፤ ጉንጫቸው ይቀላል። ያን ዕለት ሸሚዛቸውን እየቆለፍኩ ቁጣው መጣብኝ። ሰው ሌላ ሰው ሲያለብሰው የሚያፍር ፍጥረት ነው። ታዲያ ሁለት ክንዱ የሚሠራ፣ ማሽን ተሸክሞ ደረጃ የወጣ ሰው፣ ኮቱን ለሌላው አባወራ እጅ ሲጥል እንዴት አያፍርም? ማነው ይህን እፍረት ከውስጡ ያወጣበት? እኛ ነን? ያ አልጋ ነው?

ወንበሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለሰርግ የሚከራይ ዓይነት፣ መደገፊያው የረዘመ፣ ቀይ ከፈይ የለበሰ፣ ወርቅ ቀለም የተቀባ። ከየት እንደመጣ፣ በምን እንደተገዛ አልጠየቅሁም። የአዳራሹ ጠባቂ፣ ጀርመናዊው ሃውስማይስተር፣ መድረኩ ላይ ሲያየው ወደኔ ዞሮ "ዛሬ ሰርግ አለ?" አለኝ።

"የለም።"

"ታዲያ ይሄ ለማን ነው?"

"ለፓስተሩ" አልኩት። ወንበሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ትከሻውን ሰበቀና ቁልፉን እያንሿሿ ሄደ። ከማንም ስድብ በላይ ያ ትከሻ ነው የቆረጠኝ።

ከወንበሩ ጋር ደንቡ መጣ፦ እሱ ገብቶ እስኪቀመጥ ድረስ ማንም አይቀመጥም። ከደንቡ ጋር ደግሞ ሰው ተለወጠ። በፊት ከአምልኮ በኋላ ሴቶቹ ስለ ልጆቻችን፣ ስለ አለቆቻችን፣ ስለ ቤት ኪራይ እያወራን እንስቅ ነበር። አሁን ማን ሁለተኛው ረድፍ ላይ እንደተቀመጠ፣ ማን መጽሐፍ ቅዱሱን እንደያዘለት፣ ለእራት የማን ቤት እንደሄደ ሆነ ወሬው። የልጆቻቸውን ልደት አብረው ያከብሩ የነበሩ ሁለት ጓደኛሞች በእራት ተራ ተኳርፈው ሰላምታ አቆሙ። ኮሪደሩ ላይ እሱን ለማነጋገር የሚቆመው ሰው ረዘመ፤ ወጥቶ አንዱን "ና" ይለዋል፣ ሌላውን አያየውም። ያላየው ሰው "ምን አጠፋሁ?" እያለ ሳምንቱን ሲብሰለሰል ይከርማል። በቃ ደጅ ጥናት። ከደጅ ጥናት ሸሽተን፣ ባሕርና በረሃ አቋርጠን መጥተን፣ በተከራየነው አዳራሽ ውስጥ በገዛ እጃችን ሠራነው።

እማማ ይህን ሁሉ እያዩ ምንም አይሉም ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ቤታቸው ስሄድ "ልጁ ብርድ ብርድ ይለዋል መሰለኝ፣ ሰው ሁሉ እንዲከበው የሚፈልገው" አሉኝ። ቀለዱ ብዬ ሳቅሁ። አልቀለዱም።

የፓስተሩ የአገልግሎት ዓመት በዓል የተከበረ እሑድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከሽቱትጋርት፣ ከማንሃይም እንግዳ መጥቷል። ቁሙ ተባለ፣ ቆምን። ኳየሩ ዘመረ፣ ጨረሰ፣ ደገመ። እሱ አልመጣም። የጎን በሩ ገርበብ ብሏል፤ ከበሩ ኋላ ጫማው ይታየኛል። እዚያው ነው! ቆሞ ድምቀቱ እስኪደርስ ይጠብቃል። ልጆች ማልቀስ ጀመሩ። እማማ አጠገቤ ነበሩ። የፊቱን ወንበር መደገፊያ ጨብጠው ቆመዋል። "ይቀመጡ እንጂ እማማ" አልኳቸው። ተቀመጡ። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ከመድረኩ ጥግ አንዱ ሽማግሌ በዓይኑ ምልክት ሰጠ። ባለቤቴ በመተላለፊያው መጣ፣ በነጭ ጓንት። አላየኝም። ወደ እማማ ጎንበስ አለና "እማማ፣ ትንሽ ይነሱ፤ ሊገቡ ነው" አላቸው።

"ጉልበቴ ልጄ።"

"አውቃለሁ። ለአንድ ደቂቃ ብቻ። ሁሉም ቆሟል።"

እኔ አፌን እስክከፍት ክንዳቸውን ይዞ ደገፍ አደረጋቸው። በትሕትና ነው ያደረገው፤ ይህ ነው ይበልጥ የሚያበግነኝ። እማማ እምቢ ማለት የማይወዱ ሰው ናቸው፤ ሊነሱ ሞከሩ። ግማሽ መንገድ ላይ ግራ ጉልበታቸው ከዳቸው። ወንበሩን ይዘውት ወረዱ፣ ወንበሩም አብሮ ተንኳኳ፣ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወደቀ። የሰማሁት ድምፅ "ዋይ" የምትል ብቻ ናት፣ ቀጭን።

በሁለት እጄ ብብታቸውን ይዤ አነሳኋቸው። ሥራዬ ነው፤ ሰው ማንሳት አውቃለሁ። አስቀመጥኳቸው። ከዚያ ዞሬ ጮኽኩ። ምን ብዬ እንደጀመርኩ አላውቅም፤ መጨረሻው ግን "ከበሩ ኋላ ቆመሃል፣ ጫማህ ይታያል፣ ና ግባ!" ነበር።

ኳየሩ ጸጥ አለ። በሩ ተከፈተና ገባ። ኮቱ ትከሻው ላይ ነው። ማይክ አቀበሉት። "እህታችን" አለ በለሰለሰ ድምፅ፣ "ዛሬ የደስታ ቀን ነው። መንፈሱን አታውኪ። የተቀባን ሰው መናገር በረከት ያስቀራል።"

መልስ ልሰጥ ስል እማማ እጄን ያዙኝ። ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ ሳይቆጡ፣ ማይክ ሳይኖራቸው ተናገሩ፤ አዳራሹ ጸጥ ስላለ ግን ሁሉም ሰማ።

"አንተ ልጅ" አሉት። "በቃ ተቀመጥ። እኛም እንቀመጥ።"

አንተ። ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። እኔ ደግሞ የእሱን ፊት እያየሁ ነበር፤ ለአንድ አፍታ ያ ፍራሽ ላይ ያደረው ሰው ብቅ ሲል አየሁት፣ እምላለሁ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። "እሺ እማማ" ሊል ነው ብዬ ጠበቅሁ። ይህን ቢል ኖሮ ሁሉንም ይቅር እለው ነበር፤ ወንበሩንም፣ ኮቱንም።

ወደ ኳየሩ ዞረና በእጁ ምልክት ሰጠ። ዘመሩ። ድምፅ ማጉያው ተከፈተ፣ ከበሮው ገባ፣ እልልታ ተከተለ። የእማማን ድምፅ በመዝሙር ቀበሩት። ሰው እጁን አንስቶ ዓይኑን ጨፍኖ ዘመረ፤ ጨፍኖ ስል እኛን ላለማየት ነው የምለው።

እማማን በአንድ በኩል እኔ፣ በሌላ በኩል ልጄ ደግፈን ወጣን። በሩ ጋ ደርሼ ዞር ስል ባለቤቴ መድረኩ ሥር ቆሟል። ኮቱን በሁለት እጁ ይዞታል።

ቤት ሲመጣ ወጥ ቤት ጠበቅሁት።

"እማማ የወደቁት በእጅህ ነው" አልኩት።

"አልወደቁም። ተንሸራተቱ።"

"ተንሸራተቱ?"

"ዝም ብለሽ ብትተይው ኖሮ ማንም አያይም ነበር። በእንግዳ ፊት አዋረድሽን።"

"እኔ ነኝ ያዋረድኩህ? የአንድ ጎልማሳ ኮት ይዘህ ቆመህ እኔ ነኝ ያዋረድኩህ?"

ጓንቱን አወለቀና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ድምፁ ወርዶ "አንቺ አይገባሽም" አለኝ። "አንቺ ሥራ ቦታ የምታለብሻቸው ሰዎች ስምሽን ያውቃሉ፣ ዳንኬ ብለው ያመሰግኑሻል። እኔ ቢጫ ሰደርያ ነኝ። እሑድ ስገባ ግን ሰው ተነስቶ መንገድ ይለቅልኛል። በሳምንት አንድ ቀን ሰው የሚያየኝ እዚያ ነው።"

ይህን ያህል ተናግሮኝ አያውቅም። አሳዘነኝ። ግን ንዴቴ አልበረደም፤ እንዲያውም ጨመረ። ባለቤቴ ሰው ለመባል ያለውን ርሃብ ያ ሰው አይቶታል። አውቶቡስ ውስጥ በማይክ የነገረን እኮ ርሃባችንን ነበር። ዳቦ ሊሰጠን ይችል ነበር። ጓንት ሰጠን።

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ጠሩኝና ይቅርታ ጠይቂ አሉኝ።

"ማንን?"

"ፓስተርን።"

"እማማንስ ማን ይጠይቃቸው?"

ተያዩ። አንዱ፣ እማማ ሥራ አፈላልገው ያስገቡት ሰው፣ "እሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው፤ ይረዱታል" አለኝ። ቦርሳዬን አነሳሁና ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አልተመለስኩም። አብረውኝ ስንት ጾም ጸሎት የያዙ ሴቶች ኡ-ባን፣ የምድር ባቡሩ ውስጥ ሲያዩኝ ስልካቸውን መመልከት ጀመሩ። የእኔስ ይሁን። እማማን ግን ማንም አልጠየቃቸውም። ያ ሁሉ ሰው፣ እሳቸው ቤት በልቶ ያደገ ጉባኤ፣ አንድ ሰው እንኳ ስልክ አልደወለላቸውም። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው "ሥራ በዝቶባቸው ነው" ይሉኝ ነበር። እኔ ጥርሴን ነክሼ "ይሆናል" እላለሁ።

ባለቤቴ ለወራት ኮቱን ያዘ። በአንድ ቤት እየኖርን እሑድ እሑድ አንነጋገርም። ከዚያ ሥራ ቦታው ፈረቃ ለወጡበትና ለተወሰኑ እሑዶች ሳይሄድ ቀረ። ሲመለስ ጓንቱን ተኩሶ፣ ሱፉን ለብሶ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ፤ አምልኮው ገና አላለቀም። ልጃችን ምነው ብላ ጠየቀችው።

"ሌላ ሰው ይዞታል" አለ። "ሰላም አልኳቸው። አላዩኝም። ግድግዳ እንደሚያልፉ አለፉኝ።"

ልጄ በጀርመንኛ አንድ ነገር ልትል አፏን ስትከፍት ዓይኔን አፈጠጥኩባትና ተወችው። ትምህርት ቤት እነዚያ ነገሥታት መጨረሻቸው ምን እንደሆነ ተምራ መጥታ ነበር። እኔ የማንም አንገት እንዲቀላ አልፈልግም። ልጄን ዝም ያሰኘኋት ግን ለአባቷ አዝኜ እንዳይመስላችሁ። ተናድጄ ነው። ባሌ ወደ ቤቱ የተመለሰው እማማ ስለወደቁ አልነበረም፤ እሱ ስላልታየ ነው። ይህን ነገርኩት። ሱፉን አወለቀ፣ ሰቀለው፣ ገብቶ ልጁ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

ዘንድሮ እማማ ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ሆኑ። ሆስፒታል ሊገቡ ባሉበት ሰሞን ጻይል ላይ ለእሳቸው የሌሊት ልብስ ስገዛ ፓስተሩን አገኘሁት። ብቻውን ነበር፤ ከኋላው ማንም የለም፤ በእጁ የጫማ ካርቶን ይዟል። ሸሽቶ ያልፋል ስል ቆመ።

"ሰላም ነው እህቴ? ጠፋሽ።"

"እማማ ሆስፒታል ሊገቡ ነው" አልኩት። "ጉልበታቸውን። ሂድና ጠይቃቸው።"

አንተ ማለቴን ሰምቷል፤ ቅንድቡ ተነሳ። ግን የመለሰልኝ በእርጋታ ነው። "ጌታ ይማራቸው። ፕሮግራሜን ላየው።"

"ፕሮግራምህን" አልኩት።

"ብዙ ሰው ነው የምሸከመው። አትፍረጅብኝ።"

"ያንን ማሽን ስትሸከም ነው ሰው የተሸከምከው" አልኩትና ትቼው ሄድኩ። ያሰብኩትን ሁሉ ባለመናገሬ እስከ ኮንስታብለርቫኸ ባቡር ጣቢያ ድረስ ራሴን እየረገምኩ ሄድኩ።

አልሄደም። ሰው አንዳንዴ ልቡ ይመለሳል ይላሉ፤ የእሱ አልተመለሰም። ጉባኤው እንደሞላ ነው፣ አሁን ትልቅ አዳራሽ እየፈለጉ ነው አሉ።

ባለቤቴ ግን በዕረፍት ቀኑ ተነስቶ ሆስፒታል ሄደ። አብረን እንሂድ አላለኝም፤ ቢለኝም ከእሱ ጋር አልሄድም ነበር። ምን እንደተባባሉ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ከዚያ በኋላ እማማ ወደ ማገገሚያ ሲዛወሩም በየሳምንቱ ይመላለሳል። ነርሶቹ ልጃቸው መስሏቸው ስለ መድኃኒታቸው ለእሱ ነው የሚያስረዱት። እማማ ዛሬ በስልክ "በክራንች ኮሪደሩን ሙሉ ሄድኩ" አሉኝ፤ ሲስቁ ሰማሁ። ደስ አለኝ። ከባለቤቴ ጋር ግን ገና አልታረቅንም። እራት አብረን እንበላለን፣ ጨው ስጪኝ ይለኛል፣ እሰጠዋለሁ።